ገዳም ገብቷል ያልሁት ወንድሜ

ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ከቅኔ ቤት ለዕረፍት ሲመጣ ደጃችን ላይ ያለውን አፈር በእጁ ደልድሎ በእንጨት ይጽፍልኛል። ስሳሳት አይቆጣም፤ አፈሩን መልሶ ያስተካክልና «እንደገና» ይላል። አባታችን ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተ፣ አባት ማለት ለእኔ እሱ ነበር።

ቤታችን ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ተሄዶ፣ ከመኪናው ተወርዶ ደግሞ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ አለው። እሱ የሚማረው ሩቅ ነው፤ ደጋ ዳሞት፣ ፈረስ ቤት አካባቢ። ስለ ጭንቅላቱ የሚወራው ወሬ ግን ከእሱ ቀድሞ መንደራችን ይደርስ ነበር። አዲስ ቅኔ አንድ ጊዜ ከሰማ ሳያዛንፍ ይደግመዋል ይላሉ። የደብራችን መሪጌታ አንድ የገበያ ቀን አግኝተውኝ «የወንድምሽ አእምሮ የተወጠረ ብራና ነው፤ የነካው ሁሉ ይጻፍበታል» ብለውኛል። ይህን ለእናቴ ስነግራት አማተበችና «የሰው ዓይን አይብላብኝ» አለች።

ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላው ይመስለኛል፣ በክረምት፣ ሁለት ጓደኞቹ ግራና ቀኝ ይዘው አመጡት። «የኔታ ለእናቱ አድርሱት ብለውን ነው» አሉ። እንቅልፍ በዓይኑ ከዞረ ሳምንት አልፎታል። ከጎኑ ሰው የቆመ ይመስል አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ መልስ ይሰጣል፣ አንዳንዴም ይቆጣል። እናቴ ያቀረበችለትን ምግብ አሽትቶ ገፋው።

«ምን ጨመርሽበት?» አላት። ያን እንጀራ ከእናቴ እጅ በቀር የነካው አልነበረም።

ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ቃል ተናገረ፤ አብሾ ጠጥቶ ነው። አብሾ የቤተ ክህነት ተማሪዎች ትምህርት እንዲገባቸው ይጠጡታል የሚባል ዕፅ ነው። ለአንዱ አእምሮ ይከፍታል፣ ሌላውን ያሳብዳል ይላሉ። ወንድሜ ይጠጣው አይጠጣው እኔ አላውቅም፤ እሱም ተናግሮ አያውቅም። እናቴ ሁለት ጸበል ይዛው ዞረች። ሲሻለው ታመጣዋለች፤ ወር ሁለት ወር ሰንብቶ ይመለስበታል። በሦስተኛው ዓመት የጎረቤታችንን የጤፍ ክምር አቃጠለ። ክምሩ ውስጥ የተሸሸጉ ሰዎች ስሙን እየጠሩ ሰላም ነስተውት እንደነበር ኋላ ነው የነገረን። ሽማግሌዎች ተቀመጡና «ወይ ይታሰር፣ ወይ አገር ይልቀቅ» ብለው ፈረዱ። ቀጥቃጭ ተጠርቶ ከጓሮ ባለችው ጎጆ ምሰሶ ላይ በሰንሰለት አሰረው። ቁልፉን እናቴ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አደረገችው።

የታሰረ ሁሉ የተጣለ ነው የሚል ሰው እናቴን አላያትም። በቀን ሦስት ጊዜ ምግቡን ታደርስለታለች፣ በየሳምንቱ ገላውን ታጥበዋለች፣ ብረቱ የሚነካውን ቁርጭምጭሚቱን በጨርቅ ትጠቀልልለታለች። እኔ በዚያን ጊዜ ቡሬ ቤት ተከራይቼ ነበር የምማረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ እሱ ያለበት ጎጆ መግባት እፈራ ነበር። ኋላ ኋላ ፍርሃቱ ለቀቀኝና እፍረቱ ተተካ። ከፍርሃቱ የከፋው እፍረቱ ነው።

ዲፕሎማዬን ይዤ ፍኖተ ሰላም አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርሁ። እዚያው ከተማ ከሚያስተምር የሒሳብ መምህር ጋር ተዋወቅሁ። ወላጆቹ ጅጋ ናቸው። አንድ ቀን ከሥራ ወጥተን፣ ባጃጁንና የፈረስ ጋሪውን እየሸሸን በዋናው መንገድ ዳር ስንሄድ «ስንት ናችሁ እናንተ?» አለኝ።

«ሁለት ነን። ወንድሜ ገዳም ገብቷል» አልሁት።

ምንም አላሰብሁበትም። ቃሉ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል ወጣ። በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይጠየቃል። ቁምጥና አለ ወይ፣ የሚጥል በሽታ አለ ወይ፣ እብደት አለ ወይ እየተባለ እስከ ቅድመ አያት ይጣራል። ይህን እያወቅሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ።

ለእናቴ ነገርኋት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ጥጧን እየፈተለች «ውሸቱ ምኑ ላይ ነው? ከዓለም የወጣ አይደል?» አለች። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ስለዚህ ነገር አላነሣንም።

ጥናቱ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች በቡሬ ዙሪያ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በየቤቱ ፈልገው መመዝገብ፣ ማከምና መከታተል ፈልገው መረጃ ሰብሳቢ ቀጠሩ። አገሩን የሚያውቅ፣ የተወለደበት ቀበሌ እዚያው የሆነ ሰው ይመረጥ ነበርና እኔም ተመረጥሁ። ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ወሰድሁ። ሥልጠናው ፍኖተ ሰላም አንድ አዳራሽ ውስጥ ለአምስት ቀን ተሰጠ።

አሠልጣኙ ወጣት ዶክተር ነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ። የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ የሰው ጭንቅላት ሥሎ እንዲህ አለን፤ «ታማሚው የሚሰማውን ድምፅ እያስመሰለ አይደለም። ማንም ሳይናገረው፣ ሰው ሲያናግረን የሚሠራው የአንጎላችን ክፍል እሱ ላይ ይሠራል። ስለዚህ ‹ውሸትህን ነው› አትበሉት፤ ለእሱ እውነት ነው።» እኔ ደብተሬ ላይ እየጻፍሁ የጤፉን ክምር አስባለሁ።

ቀጠለና ዋናው የጥናቱ ጥያቄ ጊዜ እንደሆነ ነገረን። «ሕመሙ ጀምሮ ሳይታከም የሚቆይበት ዘመን በረዘመ መጠን መዳኑ እየከበደ ይሄዳል። በማስታወስና በማሰብ ላይ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ደግሞ ገና በብዙ አገር እየተጠና ነው። እኛም ለዚህ ነው የመጣነው። መድኃኒቱ ግን አሁንም አለ። ክኒን ነው፣ መርፌም አለ። ብዙ ሰው ይሻለዋል።»

ከዚያ ቀን በፊት ይህን አላውቅም ነበር። ለእንዲህ ያለ በሽታ ሐኪም ቤት መድኃኒት አለው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አላውቅም ማለት አልችልም።

እጄን አወጣሁ። «ዶክተር፣ አብሾ የጠጣ ሰውስ?»

«አብሾ ሰውን ለቀናት ሊያሳብድ ይችላል፣ ሊገድልም ይችላል» አለ። «ዓመት ከዓመት የሚቆየውን ሕመም ግን እሱ ብቻውን ያመጣዋል ለማለት አልደፍርም። ምናልባት ተኝቶ የነበረውን ይቀሰቅሰው ይሆናል። የምታውቂው ሰው አለ?»

«የለም። ሲባል ሰምቼ ነው» አልሁ።

በአምስተኛው ቀን ለእያንዳንዳችን ወረቀት ታደለና «በቀበሌያችሁ የምታውቋቸውን ቤቶች ጻፉ፤ ከምታውቁት ጀምሩ» ተባለ። ዘጠኝ ሰው ጻፍሁ። ገበያ ለገበያ ብቻዋን እያወራች የምትዞረውን ሴትዮ ጻፍሁ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሚያድረውን ሰውዬ ጻፍሁ። የአክስቴ ጎረቤት የሆነችውን፣ ከወለደች በኋላ አልናገርም ያለችውን ልጅ ጻፍሁ። የእኛን ቤት አልጻፍሁም። ወረቀቱን ሰጥቼ ወጣሁና ከጓደኞቼ ጋር ምሳ በላሁ።

ራሴን ያታለልሁበት ነገር ነበረኝ። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ዝርዝር እንደምትሰጥ አውቃለሁ። እሷ መጻፏ አይቀርም፤ ከሌላ አፍ ከወጣ ደግሞ የእኔ ጥፋት አይሆንም አልሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ይህችኑ ልጅ ስጠይቃት ያለችኝን አልረሳውም። «የናንተንማ አንቺ እያለሽ እኔ ልጻፍ? ጽፈሽዋል ብዬ ነው የተውሁት» አለችኝ።

ሥራው ተጀመረ። ከሁሉ የከበደኝ ቡሬ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ቤት ነበር። ባለቤቲቱ ባሏ የሞተባት፣ በርበሬና እህል የምትነግድ እስላም እናት ናት። ሴት ልጇ ከሱቁ ጀርባ ካለው ክፍል ሦስት ዓመት ሙሉ አልወጣችም እየተባለ ይወራል። ሁለት ጊዜ ሄጄ «እኛ ቤት የታመመ የለም» ብላ በክብር ሸኘችኝ። በሦስተኛው ከሱቋ ደጅ በርጩማ ሰጠችኝ። ገበያተኛው እስኪያልፍ ጠብቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ፣ ስሟ እናንተ ወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ማን ያገባታል?»

«እናቴ፣ ወረቀቱን ከሐኪሞቹ በቀር የሚያየው የለም። ደግሞ እንዲህ ሆና ተዘግቶባት ማን ያገባታል?» አልኋት። ይህ መልስ ሥልጠናው ላይ የተማርሁት ነው።

ብዙ አየችኝ። «አንቺ ቤት ቢሆን ታወጪው ነበር?»

«አዎ፣ አወጣው ነበር።»

«ማዪልኝ።»

«እናቴ ትሙት» አልሁ።

ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠችልኝ።

ልጅቱ መድኃኒት ጀመረች። በሁለት ወሩ ለክትትል ስሄድ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ በርበሬ ስትመዝን አገኘኋት። ሰውነቷ ወፍሯል፣ እጇ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው አሉ። ግን ታወራለች። ጠጋ ብላ «እኅቴ፣ እናቴ የነገረችኝ አንቺ ነሽ?» አለችኝ። እናትየዋ ከኋላ መጥታ እጄን ይዛ ሳመችው፤ በእናቴ ዕድሜ ያለች ሴት። «አላህ ለቤትሽም እንዲህ ያድርግልሽ» አለችኝ። ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስሁ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ለቅሶ ደርሼ የምመለስ መስሏቸው «እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ከዶክተሩ ጋር በጥናቱ መኪና ከገጠር ስንመለስ ልነግረው ተነሣሁ።

«ዶክተር፣ ሳይመዘገብ የቀረ ሰው ቢኖርስ?»

«ማን አለ?»

«የለም፣ እንዲያው ለማወቅ ነው።»

ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞረ። «ካለ ንገሪኝ። ምዝገባው ቢዘጋ እንኳ ሕክምናው አይዘጋም። ሐኪም ቤቱ ለማንም ክፍት ነው።»

የሚቀረኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር። ሠርጌ ግን ከፋሲካ በኋላ፣ ከመንደራችን ርቆ እዚያው ፍኖተ ሰላም ነው፤ እናቴ እዚያ መጥታ ሽማግሌ ተቀብላ፣ ዘር ተጠይቆ፣ «ወንድሟ መናኝ ነው» ተብሎ አማቶቼ ደስ ብሏቸው አልቋል። ከሠርጉ በኋላ እነግረዋለሁ አልሁ። ከሠርጉ በኋላ አረገዝሁ፤ ስወልድ አልሁ። ስወልድ ጥናቱ አለቀ፣ ዶክተሩም ሄደ። ከዚያ አገሩ ታወከና መንገድ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ቀን የማይታወቅበት ጊዜ መጣ። ሁልጊዜ ምክንያት ነበረኝ፤ ሁሉም ደግሞ እውነተኛ ምክንያት ይመስል ነበር። እንዲህ እያልሁ አራት ዓመት ሄደ።

ያም ሁሉ ሆኖ ለእናቴ መንገር እችል ነበር። «ፍኖተ ሰላም መድኃኒት አለ» ብላት በማግስቱ ተሸክማው በመጣች። ይህን ስለማውቅ ነው ያልነገርኋት።

አንድ ጊዜ፣ ለመስቀል ሄጄ፣ እናቴ ጎረቤት ቡና ተጠርታ ስትሄድ ምሳውን እኔ ወሰድሁለት። ደህና ቀኑ ነበር። ጎጆዋ ንጹሕ ናት፣ ሣር ተነስንሷል። አየኝና «አድገሻል» አለኝ፤ የሃያ አራት ዓመት ሴት ነኝ።

«ሥራ አለሽ?»

«አለኝ። ባለፈው ደግሞ ጥናት ላይ ሠርቼ ነበር።»

«ምን ታጠናላችሁ?»

መዋሸት አቃተኝ። «ሰው አእምሮው ሲታመም የሚሆነውን» አልሁት።

እንጀራውን ቆርሶ ያዘና ሳቀ፤ የድሮ ሳቁን። «ታዲያ እኔን ሳታጠኑ ነው የጨረሳችሁ?» አለ። ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ወደዚያኛው ሰው ዞረ። እኔ ሳህኑን ሳልቀበል ወጣሁ።

እናቴ የሞተችው መንገዱ በተዘጋበት ወር ነው። ሆዷን አሟት፣ በአምስተኛው ቀን አረፈች። ስልክ የደረሰኝ ከተቀበረች በኋላ ነው። ባለቤቴ «ብቻሽን አትሄጂም» አለ። እስከዚያ ድረስ በየምክንያቱ መንደራችንን ሳያይ አቆይቼው ነበር። አትምጣ የምልበት ምን ምክንያት አለኝ? ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በተገኘ መኪና፣ ከቡሬ በኋላ አብዛኛውን በእግራችን ሄደን በሦስተኛው ቀን ደረስን። መንገዱን ሁሉ ለእናቴ የማለቅስ እመስላለሁ፤ ከለቅሶዬ ግማሹ ግን ፍርሃት ነበር።

ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። እኛ ገብተን፣ ተለቅሶ፣ ዝም ሲባል ከጓሮ ድምፅ መጣ።

«እማ! ምሳ አላመጣሽልኝም እኮ!»

ሁሉም አቀረቀረ። ባለቤቴ «ማነው?» አለ። አንድ የጎረቤት ሽማግሌ «ልጃቸው ነዋ፤ የባለቤትህ ወንድም» አሉት። ሳያውቅ ቀርቶ እንደሆነ ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ።

ባለቤቴ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ሄደ። ስንት እንደቆየ አላውቅም። ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። በማግስቱ ጠዋት መጣና «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ብቻ አለኝ። ቁልፉን እናቴን የገነዙት ሴቶች ከአንገቷ ፈትተው ለሽማግሌው ሰጥተዋቸው ነበር። ሰንሰለቱን የፈታው እሱ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። ጨርቁ ሲነሣ የወንድሜን ቁርጭምጭሚት አየሁት፤ ቁስሉ ድኖ ቆስሎ፣ ድኖ ቆስሎ፣ እግሩ ወደ ውስጥ ተጠምዝዟል።

እስከ መኪናው መንገድ በወሳንሳ ተሸከሙት፤ የተሸከሙት ሰዎች አንዱ ያ ክምሩ የተቃጠለበት ጎረቤት ነው። እናቱ እንደሞተች ሲነገረው አላለቀሰም። «ነግረውኛል» አለ። ማን እንደነገረው አልጠየቅነውም።

መንገድ ላይ ባለቤቴ «እኔ ምን አድርጌሽ ነው የፈራሽኝ?» አለኝ።

«አንተን አይደለም። ቤተሰብህን ነው።»

«እኔን አልጠየቅሽኝም እኮ» አለ። «አንድ ቀን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» ሁሉም እንደ እሱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። አማቴ ከዚያ ወዲህ ልጄ ብቻውን ሲስቅ ባዩ ቁጥር ጨዋታቸውን አቋርጠው ያዩታል። እኔም አያለሁ። ኋላ ወንድሜን ያከመችው ሐኪም «በዘር ዕድሉ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ፣ ወንድም የታመመበት ሰው ልጆች አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው» ብላኛለች። አምናታለሁ፤ ግን አያለሁ።

ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት የተቀበለችን ሐኪም ቅጽ አወጣች። ቅጹን ገና ሳየው አወቅሁት። እኔ ስሞላው የኖርሁት ዓይነት ነው።

«ሕመሙ ከጀመረው ስንት ጊዜ ሆነው?»

«አሥራ ሁለት ዓመት።»

«እስካሁን ሕክምና አግኝቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ሕክምና እንዳለ ባለማወቅ ነው?»

ባለቤቴ አጠገቤ ቆሟል። «ስምንቱን ዓመት ባለማወቅ ነው» አልሁ። «አራቱን እኔ አውቅ ነበር።» ቀና ብላ አየችኝ። ቅጹ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም፤ «ባለማወቅ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ አለፈች።

መድኃኒቱ ሠራለት። በሦስተኛው ሳምንት መተኛት ጀመረ። በሁለተኛው ወር ድምፆቹ «ከወንዝ ማዶ ሆኑ» አለ፤ ኋላ ደግሞ ጠፉ። ሐኪሟ ያኔ የማስታወስ ምርመራ አደረገችለት። ቀላል ነው፤ አሥር ቃል ታነብለታለች፣ እሱ የያዘውን ይመልሳል። ውኃ፣ በሬ፣ ድልድይ፣ ሎሚ እያለች አነበበች። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ቅኔ ቤት ልጅ ቀጥ ብሎ ሰማ።

«ውኃ» አለ። «በሬ።» ቆመ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። «ሎሚ።» ሌላ አልመጣለትም። «እባክዎ ይድገሙልኝ» አላት።

ደገመችለት። በሦስተኛውም ጊዜ አምስት ብቻ ያዘ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ «የኔታ ይህን ባያዩ ይሻላል» አለ።

ለብቻዋ ሐኪሟን ጠየቅኋት። «አራት ዓመት ቀድሞ ቢታከም ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር?»

አልሸሸችኝም። «እሱን የሚያውቅ የለም» አለች። «ሕመሙ ራሱ ሊሆን ይችላል፣ ብቻውን ታስሮ መኖሩ ሊሆን ይችላል፣ በከፊል መድኃኒቱም ሊሆን ይችላል። የትኛው ምን ያህል እንደወሰደ ለይተን የምንነግርሽ ቦታ ላይ ገና አልደረስንም። ቀድሞ መጀመሩ ግን ሁልጊዜ ይሻላል።» አይመለስም ብትለኝ አንድ ነገር ነበር። እሷ ግን አይታወቅም አለችኝ፤ እኔም ከማይታወቀው ጋር መኖር ያዝሁ።

አሁን ከእኛ ጋር ይኖራል። በየወሩ መርፌውን እኔ አስወጋዋለሁ። እያነከሰ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ይመለሳል፤ ከጓሮ የበርበሬ ችግኝ ያፈላል፣ ችግኙን ገበያ ወስዶ የሚሸጠው ራሱ ነው። ቅኔ አያነሣም። አንድ ቀን መሪጌታው ሊጠይቁት መጥተው አንድ ሁለት ቃል በግእዝ ጣል አደረጉለት፤ በትሕትና ሰምቶ «ደክሞኛል አባቴ» አላቸው።

ባለፈው ክረምት ችግኙን አብረን ስናርም፣ ምንም ሳያስጠነቅቀኝ ጠየቀኝ።

«መድኃኒት እንዳለ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አረሙን መንቀሉን አላቆመም። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመታከምህ አራት ዓመት ቀድሞ።»

«እማስ ታውቅ ነበር?»

«አልነገርኋትም።»

አንዱን መደብ ጨርሶ፣ እግሩን ጎተት አድርጎ ወደሚቀጥለው ዞረ።

«እንኳን አላወቀች» አለ። «ብታውቅ ኖሮ እሷንም እቀየማት ነበር።»

ከዚያ ወዲህ አላነሣውም። የሠራሁለትን ይበላል፣ ልጄን ያጫውታል፣ ሲወጣ ሲገባ «እንዴት ዋልሽ» ይለኛል። ይቅርታ ልጠይቀው ብዙ ጊዜ ተነሥቼ ተቀምጫለሁ። የሚያግደኝ እፍረት አይደለም፤ እሱን ጨርሼዋለሁ። እንደ ጨዋ ልጅ «ይቅር ብያለሁ» ይለኛል ብዬ እፈራለሁ። ከአፉ ወጥቶ ከልቡ ባይወጣስ? አሁን ዝም እያለ እውነቱን እየነገረኝ ነው፤ እሱን እሰማዋለሁ።